የሰርክ ጎመን

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 1986

ዘለቀ ዛሬ ጓሮውን ቆፈረው። ይህን ቤት ከተከራየን ጀምሮ "ሣሩን ገልብጥልኝና አትክልት ልትከልበት" ስለው "ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ውዬ ወገቤ የት አለና" ሲለኝ የኖረው ባሌ፣ ዛሬ ማለዳ ከጓደኛው ከግርማ ዶማ ተውሶ መጥቶ እስኪመሽ ሲቆፍር ዋለ። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። እየሳቀ አሳየኝ።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ትናንት እራት ላይ እህቱ ሰርክ "ይሄ ሁሉ ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንዴ?" አለችው። አንድ ጊዜ ነው ያለችው።

ሰርክ ከካርቱም ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ኤርፖርት ሄጄ አቅፌ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ካፖርቴን ሰጥቻታለሁ፤ የእንግሊዝኛ ክላስም ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። ይሄ ጎደለ ሊለኝ የሚችል ሰው የለም።

ለማንኛውም ተቆፍሯል። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ፕላኑን አወጣሁ። ከላይብረሪ የተዋስኩትን መጽሐፍ ፊቴ ዘርግቼ፣ ልጄ ሉሊት የትምህርት ቤት ባለመስመር ወረቀቷን ሰጥታኝ ሳልኩት። በመኪና መግቢያው በኩል ጎመን፣ ቀጥሎ ካሮትና ቀይ ሥር፤ እነዚህ አሁኑኑ ይዘራሉ። መሐሉ ሙቀት እስኪገባ ባዶውን ይቆያል፣ ከዚያ ቲማቲምና ቃሪያ። አጥሩ ሥር ፎሶልያ፣ አጥሩን ይዞ እንዲወጣ። ጥጉ ላይ ዱባ። በጋው ሲያልፍ እንደገና ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትም። በቀለም እርሳስ አሳመርኩትና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ሰርክ ብዙ ቆማ አየችው። "ያምራል፣ እትዬ። እርስዎ እንዳሉት ይሁን" አለች።

ዘለቀን አንተ ትለዋለች። ግርማን በሁለተኛው ቀን አንተ ብላዋለች። እኔን ብቻ እርስዎ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው። እሷም ብትሆን ልጅ አይደለችም፤ አዲስ አበባ ጸሐፊ ነበረች፣ ጎመንን እንደኔው ከገበያ ነው የምታውቀው። ሶ ማንም ማንንም አያስተምርም፣ አብረን እንማራለን ብዬ አስቤ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

በጥድፊያ። ጎመኑ ብቅ ብሏል። እኔ አላየሁትም፣ ነገሩኝ። ጨለማ ላይ ወጥቼ ጨለማ ላይ እገባለሁ። ጓሮው ፀሐይ የሚያየው እኔ ዊልሻየር ጎዳና ኦፊስ ታይፕ ስመታ ነው። ሰርክ ክላሷ እስከ ቀትር ብቻ ነው።

ሉሊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ ጓሮ ነው አሉ። ስናክ እንኳ አትጠይቅም።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ሰርክና ልጄ በጠዋት ተነሥተው ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ፣ ከጎመኑ ቅጠል ላይ እያነሱ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራሉ። የወጥ ቤቱ መስኮት ከሳህን ማጠቢያው በላይ ነው፣ ጓሮው በሙሉ ይታያል። ሳህን እያጠብኩ ነበር።

"ሰርኬ፣ ይሄኛው ቤቱ ተሰብሯል" አለች ሉሊት።

በአማርኛ። ጥርት አድርጋ።

ስምንት ዓመቷ ነው፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ለምኛት፣ ተቆጥቻት፣ ከረሜላ ገዝቼላት አልሆነም። "አይ ኖው፣ ማሚ" ብቻ። ሰርክ ምን ከፈለችላት? ምንም። ቀንድ አውጣ።

ወጣሁና "እኔም ልልቀም?" አልኩ። ሰርክ ወዲያው ተነሥታ ቆርቆሮውን ሰጠችኝና "እርስዎ ይቀጥሉ፣ እኔ ሳህኖቹን ልጨርስ" ብላ ገባች። ሉሊት ትንሽ ቆማ ተከትላት ገባች። ቆርቆሮ ይዤ ብቻዬን ቀረሁ።

እሁድ፣ ማርች 16

ጾም ከገባ ሳምንት ሆነ። የመጀመሪያውን ጎመን ቆረጥን። ገና ለጋ ነው፣ ግን ለጾሙ ይሁን ብዬ ዛሬ እኔው ከትፌ፣ እኔው በነጭ ሽንኩርት ቁሌት ሠራሁት። ግርማ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እኛ ጋ ምሳ በላ። ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

"የሰርክ ጎመን እኮ ከማንም ጋ የለም" አለ። "እውነት ለመናገር፣ ይሄ ቤት ነፍስ የዘራው እሷ ከመጣች ወዲህ ነው።"

ዘለቀ ራሱን ነቀነቀ። ሰርክ "ዘሩን የገዙት እትዬ ናቸው፣ የሠሩትም እሳቸው" አለች። ማንም አልሰማትም። እኔ ሰማኋት። እኔ ምንም እንዳልል ነው ቀድማ ያለችው።

ከእሷ በፊት ቤታችን ምን ነበር? ሬሳ ነበር? ቅናት አይደለም ይሄ። ሰው የሠራው ሲረሳበት ይከፋዋል፣ ማንም ቢሆን።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ቲማቲሙ ተተከለ፣ እኔ የግሮሰሪ ዕቃ ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት። ፕላኑ ላይ እንዳለው ነው የተከሉት፣ አንዱም መስመር አልተዛነፈም። የምወቅሰው ነገር አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘለቀና ሰርክ የቲማቲሙን እንጨት ያቆማሉ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ። ዘለቀ ይስቃል። ከኔ ጋር እንዲህ የሳቀው መቼ ነው? ውሃውን ዘጋሁት፣ ለመስማት አይደለም፣ ሳህኑ አልቆ ነው።

"ታዲያ ምን ላድርግላት?" አለች ሰርክ።

"ተያት። እሷ እንዲህ ናት። ቀስ እያለች ትለምዳለች" አላት ባሌ።

ተያት። እኔን ነው። በገዛ ቤቴ የምለምደው እኔ ነኝ።

ውሃ በብርጭቆ ይዤ ወጣሁ። ሰርክ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ጠጣች፣ ጎንበስ ብላ ወደ ሥራዋ። ቀና ብላ እንኳ አታየኝም። የደበቀችው ነገር ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20

ሉሊት ዛሬ "ማሚ፣ ማሚ፣ ፎሶልያው ወጣ!" እያለች ጮኸች። መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ እጄን አደራርቄ ልወጣ ስል ያየችው ወደ ሰርክ ነው።

ሰርክ ቁጢጥ ብላ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። "እኔ ሰርክ ነኝ። ማሚ እዚያ ናት" አለቻትና ወደ መስኮቱ አመለከተች።

ሳትዞር ነው ያመለከተችው። መስኮቱ ጋ መሆኔን በምን አወቀች?

አልወጣሁም። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ወጣሁ፣ አምፖሉ ደህና ነበር።

ዓርብ፣ ሜይ 9

ፋሲካም አለፈ። ሰርክ ለሁለት ሌሊት ቫን ናይስ ሄደች፣ ካርቱም አብራት የነበረች የምሥራች የምትባል ጓደኛዋ በመኪና ወስዳታለች። ልትወጣ ስትል "እትዬ፣ የቃሪያው ችግኝ ገና ሥር አልያዘም። ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ ውሃ ቢያጠጡልኝ" አለች።

ቢያጠጡልኝ። ለእሷ።

ማታ አጠጣሁት።

እሁድ፣ ሜይ 11

ትናንት ከበረሃው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ተነሣ። የመኪናው መሪ እጅ ያቃጥላል። ልብስ አጠብኩ፣ ምንጣፍ ጠረግኩ፣ ሉሊትን የጓደኛዋ ልደት አደረስኩ፣ ደከመኝ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ሰው ሁሉን ነገር ማስታወስ አይችልም። ዘለቀስ የለም እንዴ? የውሃ ጎማው ቧንቧው ላይ እንደተጠመደ ነው፣ መክፈት ብቻ ነው።

ሰርክ ማታ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጓሮ ወጣች። ቃሪያው ሁሉ ተኝቷል፣ ቅጠሉ ሲነካ ይፈረፈራል። መስኮቱ ጋ ሆኜ ሳያት አንዱን ነቅላ ሥሩን አየችውና መልሳ ተከለችው።

ስትገባ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። "ደህና አመሻችሁ? ሉሊት፣ ልደቱ እንዴት ነበር?" አለች። ሌላ ምንም።

ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ሌላ ችግኝ ገዝታ ተከለች። እዚያው ቦታው ላይ። ሉሊት እራት ላይ ትክ ብላ አየችኝ፤ "ምን ሆንሽ?" ስላት "ናቲንግ" አለች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

እትዬ ሸዋረጋ ሱቃቸው ውስጥ በርበሬ ሲመዝኑልኝ "ቶራንስ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አብራት የምትኖር ሴት ትፈልጋለች፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ልጆቿ ደግ ናቸው። የምታውቂያት ልጅ አለች?" አሉኝ። ለሰው ሁሉ ሥራ የሚያገናኙ ሴት ናቸው፣ ፌርፋክስ ሠፈር የእሳቸው እጅ የሌለበት ያበሻ ቤት የለም።

"አለች" አልኩ። ሳላስብ ነው የመለስኩት።

እትዬ ሸዋረጋ ሚዛኑን ትተው አዩኝ። "የባልሽ እህት? ገና መምጣቷ አይደለም እንዴ?"

"ሶፋ ላይ እስከ መቼ ትተኛለች? ለራሷ ነው" አልኳቸው። ለራሷ ነው። የገዛ ክፍል ይኖራታል፣ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ ትማራለች። እኔ ስመጣ እንዲህ ያለ ሥራ ያገኘልኝ ሰው አልነበረም።

እሁድ፣ ጁን 1

እራት ላይ ነገርኳቸው። ዘለቀ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ገና አገሩን አልለመደችም እኮ። ምን አስቸኮለ?"

"ሥራ ቀን አይጠብቅም" አልኩ።

ሰርክ የምትለውን ጠበቅን። ፊቷ ላይ ምንም የለም። "እሺ፣ እትዬ። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ" አለች። ሉሊት ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች፣ በሩን ዘጋችው። ዘለቀ እስካሁን አላናገረኝም።

እሁድ፣ ጁን 8

አደረስናት። ዕቃዋ አንድ ሻንጣ ነው፣ ያውም የኔ ሻንጣ። ከመውጣታችን በፊት ቲማቲሙን በጨርቅ ቁራጭ እያሰረች ነበር። "ይሄ ወደ ጎን ያመልጣል፣ ይሄኛው ውሃ አይወድም" እያለች ለሉሊት ታሳያታለች። ለኔ አላሳየችኝም። አልጠየቅኩም።

ሉሊት "አልመጣም" ብላ እትዬ ሸዋረጋ ጋ ቀረች። ስንመለስ ዘለቀ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሶፋው ባዶ ነው። ደህና እተኛለሁ ዛሬ።

ሐሙስ፣ ጁን 19

ፍልፈል መጣ። ቀይ ሥሩን ከታች ሆኖ ይስበዋል፣ ቅጠሉ መሬት ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈንኩት። ጠዋት ሌላ ቦታ አፈር ቆልሏል።

ኦፊስ ዘገየሁ። ጫማዬ ጭቃ።

እሁድ፣ ጁላይ 13

ቲማቲሙ ደረሰ። በጣም ብዙ ነው። ስልስ ሠራሁ፣ ሰላጣ ሠራሁ። ሉሊት አንዱን አነሣች፣ አሸተተችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዘለቀ እሁድንም ሥራ ጀምሯል፣ እቤት የሚበላው ጥቂት ነው። የቀረው እየፈነዳ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ትንኝ ወርሮታል።

ዓርብ አንድ ካርቶን ኦፊስ ወሰድኩ። ሁሉም አደነቀ፤ "አንቺ ነሽ ያበቀልሽው?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ማታ ሰርክ ትደውላለች፣ በየእሁዱ። ሉሊት የስልኩን ገመድ እስከ መኝታ ቤቷ ትጎትተውና በሩን ትዘጋለች። ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር፣ የታጠበ ልብስ ይዤ። "የለም፣ ጓሮ አልገባም" ትላለች ልጄ። "አንቺ ሳትኖሪ ምን አደርጋለሁ?" በአማርኛ። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ተጣላን። ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ጎማውን ከፍቶ ረስቶ ፎሶልያው በውሃ ተዋጠ። "ለእህትህ ቢሆን ትረሳ ነበር?" አልኩት። አምልጦኝ ነው።

ዘለቀ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እታገኘሁ፣ ያቺ ልጅ ምን አድርጋሽ ነው?" አለኝ።

"ምንም አላደረገችኝም።"

"ምንም እንዳላደረገችሽ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።"

እንዲህ ብሎ ያናገረኝ ጊዜ የለም። ከሚጮህ ይህ ይከፋል። "ሄደሽ ራስሽ ተመለሺ በያትና ይዘሻት ነይ" አለና ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

እሁድ፣ ኦገስት 10

ከቶራንስ ተመልሰን ነው የምጽፈው። ሉሊት ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፣ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ስታይ።

ቤቱ ነጭ ነው፣ ንጹሕ። ከሩቅ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ይታያል። በሩን የከፈተችው ሰርክ ራሷ ናት። ትንሽ ወፈር ብላለች፣ ፀጉሯን ተሠርታዋለች። ሉሊት ዘልላ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች፤ እኔን ሰርክ በጉንጬ ሳመችኝ። ከዚያ ከውስጥ አሮጊቷ "ሰርኪ፣ ስዊትሃርት" ብላ ስትጠራት እየሳቀች ሮጠች። እኔ ቤት ስትሮጥም እንዲህ ስትስቅም አይቼ አላውቅም። አሮጊቷን አየኋት፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ደካማ ሴት ናት። ይህችን ሴት ጠላኋት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሉሊት ከአሮጊቷ ጋር ካርታ መጫወት ስትጀምር እኛ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሻይ ቀዳችልኝ።

"ሰርክ፣ ተመለሺ" አልኳት። "ጓሮው ያላንቺ አልሆነም። ሉሊትም ናፍቃሻለች።"

"እርስዎስ?" አለች።

"እኔም" አልኩ። ቶሎ አልወጣልኝም።

ሻይዋን አማሰለች። በመስኮቱ ጓሯቸውን አየሁ፣ ሰፊ ነው፣ ሣር ብቻ። ነገር ለማስቀየስ "ለምን አንድ መደብ አትጠይቂያትም? መትከል ትወጂ የለ" አልኳት።

"አልወድም" አለች።

"ምኑን?"

"አትክልቱን። ወገቤን ያመኛል። ቀንድ አውጣውም ያስጠላኛል፤ ሉሊት እንዳታይብኝ ብዬ ነው በእጄ የምይዘው።"

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። "ታዲያ ከቀትር እስከ ማታ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?"

ማንኪያውን አስቀመጠች። "እቤት ስገባ ፊትሽ ይለወጣል" አለች። "ሶፋው ላይ ስቀመጥ ይለወጣል። ሳህን ላጥብ ስል ይለወጣል። ወንድሜን ሳናግር ይለወጣል። ጓሮ ስሆን ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምሠራው፣ አላየውም። ሶ፣ እዚያ ዋልኩ። ልጅሽን እኔ አልጠራኋትም፣ ራሷ ናት የመጣችው። ቤት ውስጥ እሷም ዝም ትል ነበር።"

አንቺ አለችኝ። ስንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው፤ የመጣው እንዲህ ሆኖ።

ስለ ቃሪያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "ያን ጊዜ ቫን ናይስ ስትሄጂ…" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "ሻይሽ ቀዘቀዘ።"

"ስለዚህ አትመለሺም።"

"እዚህ የምዘጋው በር አለኝ፣ እታገኘሁ። ተቆጥቼ አይደለም። እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፣ ስትጠሩኝ።"

ስንወጣ ሉሊትን በር ላይ ቁጢጥ ብላ አቀፈቻትና በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት እስካሁን አላውቅም። መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። ከዚያ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ለዘለቀ "እዚያ ይሻላታል፣ ደህና ናት" ብቻ አልኩት። እውነት ነው። "ሌላስ?" አለኝ። "ሌላ የለም" አልኩ።

መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ስለ ሰርክ እያሰብኩ ፊቴን አየሁት። ምንም የተለወጠ ነገር አልታየኝም። ምናልባት የሚለወጠው ሰው ሲገባ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ቲማቲሙን ነቀልኩ፣ ደርቋል። ፎሶልያውን ከአጥሩ ላይ አወረድኩ። መሬቱን ብቻዬን ኮተኮትኩ፣ ዘለቀ ሥራ ነው። ፍግ በከረጢት ገዝቼ በተንኩ። ወገቤን ያመኛል። እውነቷን ነው፣ ያማል።

እራት ላይ ሉሊትን "ዘንድሮ ጎመኑን የት እንዝራው?" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ዘለቀ ግን "መሬቱን አየሁት፣ ጥሩ አለስልሰሽዋል" አለኝ። አመሰገንኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ለእህትህማ ራስህ ነበር የምትቆፍርላት" እለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዛሬ ከግሮሰሪ ስገባ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ሉሊትን ጠራሁ፣ የለችም። በመስኮት ሳይ ጓሮ ናት፣ ብቻዋን። ባዶ እግሯን ሆና በጣቷ መስመር ታወጣለች፣ ከመዳፏ ዘር እየቆነጠረች ትጥላለች፣ አፈር ትመልስበታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ለራሷ የሆነ ነገር ታወራለች። ሰርክን ነው የምትመስለው፣ አጎነባበሷ ሳይቀር። እዚያው መስኮቱ ጋ ልቆይ ነበር።

ዕቃውን መሬት ላይ ትቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆምኩ።

"ልግባ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን ነው ያየችው፣ ረጅም ጊዜ። ምን እንዳየች አላውቅም። እኔ የማደርገውን አጥቼ ቆሜ ነበር፣ እጄ ላይ የመኪና ቁልፍ ይዤ።

"ግቢ" አለች። ከደረጃው ስወርድ፣ "እሱ ጋ አትርገጪ፣ ማሚ። ዘር አለበት።"

እግሬን አነሣሁ።